ከሦስተኛው ሳጥን በኋላ

ሥዕሉ ከማሽኑ ሲወጣ ገና እርጥብ ነበር። ሠዓሊዋ ለሙከራ የታተመውን ሰፊ ወረቀት በጣቶቿ ጫፍ ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ቀለሙ እጄን ያበላሽብኛል ብላ አይደለም፤ በቀለም የተበላሸ እጅ ለእሷ ብርቋ አይደለም። ወረቀቱ ራሱ ቀፈፋት።

ሲታጠፍ ገጾቹ ቦታ ቦታቸውን እንዲይዙ ግማሾቹ ቀጥ ብለው ግማሾቹ ተዘቅዝቀው ነው የሚታተሙት። እናም አንዲት ፀጉሯ የተንጨባረረ ሴትና አንድ ሆዱ የገፋ ሰውዬ፣ እዚህ ቆመው እዚያ ተዘቅዝቀው፣ በየገጹ ይጨቃጨቃሉ። ሁለቱንም ታውቃቸዋለች። ሴትየዋ ራሷ ናት። ሰውየው የቀድሞ ባሏ ነው፤ ሆድ ግን ኖሮት አያውቅም። ያኔ «ሰው እንዳያውቀኝ ትንሽ ሆድ ቀጥዪልኝ» ብሏት ነው የቀጠለችለት። ለእኔስ ምን ልቀጥል ስትለው «አንቺማ እንዳለሽ ነው የምታምሪው» አላት። እሷም ደስ ብሏት ራሷን ከነፀጉሯ፣ ከነነጠላ ጫማዋ፣ ከነአገጯ ጠባሳ እንዳለች አስቀመጠችው። ያን ጊዜ ብልጥ አልነበረችም።

«ኩርፊያ በየሳምንቱ» ይባል ነበር። በየሐሙሱ በኢንተርኔት የሚወጣ፣ በሦስት ሳጥን የሚያልቅ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ነው። እሱ ይጽፋል፣ እሷ ትሥላለች፤ ስማቸውን አያወጡም፣ ከታች «እኛ» ብለው ብቻ ይፈርማሉ። በዚያ ዘመን ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ አይቶታል ማለት ይቻላል። ከተቋረጠ ስንት ዓመቱ፣ አሁን አንድ አሳታሚ ከየት መጣ ሳይባል ተነሥቶ «መጽሐፍ ላድርገው» አለ። ደግሞ የሙከራ ኅትመቱን የት ይውሰደው? ስንት ማተሚያ ቤት ባለበት ከተማ እሷ የምትሠራበት አመጣው። አውቆ አይደለም፤ ለቢሮው ስለሚቀርበው ነው። አንዳንድ ነገር ሰውን ሊያበሽቅ ሲፈልግ አድራሻ አይጠፋውም።

ወረቀት ቆራጩ ቢላውን አቁሞ መጣና በትከሻዋ አሻግሮ ተመለከተ። በዚያ ቤት ከእሷ ጋር ብዙ ዓመት የሠራ፣ ሲስቅ ሆዱን የሚይዝ ትልቅ ሰው ነው።

«ይቺ የካልሲዋ አይደለችም እንዴ» አለ፣ ገና ሳያነባት እየሳቀ። «አንድ እግርህን እዚሁ ተወውና በአንዱ ና። ሚስቴ እኮ እስከ ዛሬ በዚች ነው የምትገድለኝ። ዘግየት ካልኩ ከበር ላይ ሆና፣ አንድ እግርህን እዚሁ ተወው ትለኛለች። ማን እንደሣላት ባወቅሁ እጇን እስምላት ነበር።»

«ብትቆርጥላት ይሻላል» አለች ሠዓሊዋ።

«ምነው እህቴ፣ ምን አደረገችሽ?»

ወረቀቱን አጣጥፋ እጥፉን በጥፍሯ ደጋግማ ጫነችው፤ ቢሆንላት እስኪጠፋ ድረስ ታጥፈው ነበር። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ዛሬ ዛሬ የምትሥለው ፊት የሌላቸውን ሰዎች ነው። የእሳት ማጥፊያ እንዴት እንደሚከፈት፣ የዐይን ጠብታ እንዴት እንደሚደረግ፣ ከባድ ዕቃ ወገብን ሳይጎዳ እንዴት እንደሚነሣ የሚያሳዩ፣ በየካርቶኑና በየግድግዳው የሚለጠፉ ሥዕሎች። ጭንቅላታቸው ባዶ ክብ ነው። ይህን ሥራ ስትወደው ለጉድ ነው፤ ፊት የሌለው ሰው አያኮርፍም።

አሁን ነገሩ ከየት እንደመጣ መናገር ያስፈልጋል።

ባሏን፣ ደራሲው እንበለው፣ ራሱም እንደዚያ መባል ስለሚወድ፣ ያገባችው አንድ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኖ ሲሠራ ነው። ሥራው ሰው ሲሰበሰብ ጥግ ይዞ የሚባለውን መጻፍ ነው። በስብሰባው መካከል የተናደደ ሰው ካለ ጣቱን አንሥቶ «ይህ ይያዝልኝ» ይላል፤ እሱም ይይዝለታል። የዚህን የ«ይያዝልኝ» ቀልድ ማታ ማታ ቤት እያመጣ ያስቃት ነበር። ቤቱም ቤት ከተባለ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር የሚይዝ ክፍል ነው፤ አንዱ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ሌላው አልጋ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ታጥቦ ሲወጣ እርጥብ ፎጣውን አልጋው ላይ የመጣል አመል ነበረበት። አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና «እኔ ያገባሁት አንተን ነው ወይስ ፎጣህን? ከአንተ ይልቅ እሱ ነው አልጋዬ ላይ ውሎ የሚያድረው» አለችው። በጣም ተናዳ ነበር፣ እንባዋም መጥቶ ነበር። እሱ ግን አፍጥጦ አያትና እንደ ተሰብሳቢ ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ «ይያዝ!» አለ።

ሳቀች። እንዴት አትስቅ። ወዲያው የፖስታ ጀርባ ላይ ሦስት ሳጥን አሰመረችና ፎጣውን፣ አልጋውንና ሁለቱን ሣለቻቸው። ፎጣው ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። በማግስቱ በኢንተርኔት ለቀቁት፤ የማያውቋቸው ሰዎች «እኛ ቤትም እንዲሁ ነው» እያሉ ጻፉላቸው። ነገሩ በዚህ ተጀመረ፣ ሕግም ወጣለት። «ይያዝ» ከተባለ ጠቡ እዚያው ላይ ይቆማል፣ ቁጭ ብሎ ትኩሱን መሣል ነው። መጀመሪያ ላይ ይህ እንደ ዕርቅ ነበር። ጎረቤቱ ሲደባደብ እነሱ ይሥላሉ፤ ከዚህ የተሻለ ትዳር የት ይገኛል ብላ ለእህቷ ሳይቀር አውርታለች።

የሚያስጠላው ነገር ቀስ ብሎ መጣ። ጠቡ በሦስተኛው ሳጥን ላይ ሲቆም፣ የተጣሉበት ጉዳይ ግን ሳይነካ ይቀራል። ፎጣው እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ አልጋው ላይ ነበር። ኋላ ኋላ ሐሙስ ሲቃረብ ቤቱ ውስጥ ነገር ፍለጋ ይጀመራል፤ ደራሲው የተቆለፈውን በር ቁልፍ ይዞ ይሄዳል፣ እናቷ ደውለው ሳይነግራት ይውላል። ስትጮህ ዝም ብሎ ያያታል። ዐይኗን አይደለም የሚያየው፣ አፏን ነው፤ ከዚያ ምን እንደሚወጣ ይጠብቃል። የሚሆነው ከወጣ ፊቱ ይበራል፣ ካልወጣ አሰልቺ ስብሰባ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ያዛጋል። እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እያለቀሰች ቃል መምረጥ ለመደች። ይህን ስታስታውስ ነው ከሁሉ ይበልጥ የሚቀፋት፤ አንድ ሰው ሆዱ እየባሰው አማርኛ ሲያሳምር።

የካልሲዋ ቀን የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ማምሻውን ታላቅ እህቷ ከእናታቸው ቤት፣ ከሌላ ከተማ፣ ደወለች። «እማማ አልሆነችም፤ ድረሺ» ብቻ ነው ያለችው። የመጨረሻው አውቶቡስ ሊነሣ ጥቂት ነው የቀረው። ሻንጣዋን አሰናዳች፣ ገና ወፌ ቆመች የምትባለዋን ልጃቸውን ለጎረቤት ሰጠች። ደራሲው ሻንጣውን እኔ ካልተሸከምኩ አለና አንድ ካልሲ ጠፋው። አልጋው ሥር ገባ፣ ከበሩ ኋላ ፈለገ። እሷ በር ላይ ቆማለች። «ያለ ካልሲ ና» ብትለው «ይልጠኛል» ይላል። በመጨረሻ ከጭንቀቷ ብዛት «እንግዲያው አንድ እግርህን እዚሁ ተወውና በአንዱ ና» አለችው።

ከአልጋው ሥር ጭንቅላቱን አውጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባሎ ሳቀ። እሷንም ሳቁ ያዛት፤ አንዳንዴ ሰው ሲፈራ ይስቃል። «ይያዝ» አለ። «እርሳሱን ብቻ፤ ትንሽ ደቂቃ ነው፣ ትኩሱን።» ሕጉ ሕግ ነውና ተቀመጠች። እጇ መሥመር ሲይዝ ፍርሃቷ ቀለል ይልላት ነበር፣ ይህም ነበረበት። ሲጨርሱ አየው አየውና «ሻንጣው ሰው ያስጨንቃል፤ የእጅ ቦርሳ አድርጊው» አላት። በገዛ እጇ ሻንጣውን በላጲስ አጥፍታ፣ ለጨዋታ እንደሚወጣ ሰው ትንሽ ቦርሳ ለሥዕሏ ሴትዮ አንጠለጠለችላት። አውቶቡሱ ሄዷል። በማግስቱ ስትደርስ እናቷ የሉም።

ሐሙስ ሆነና ሥዕሉ ወጣ። የቀብሩም ቀን እሱ ነበር። ከመቃብሩ ሲመለሱ አንዲት የአጎቷ ልጅ አቅፋት ስታለቅስ ቆየችና፣ አፍንጫዋን እየጠረገች ጆሮዋ ሥር «የካልሲዋ ግን ገደለችኝ» አለቻት። ሠዓሊዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን ሥዕል ባየች ቁጥር ሊያስመልሰው ሲል ሰው አፉን የሚሞላው ዓይነት ምራቅ ይመጣባታል። እሷ ግን ምን ታድርግ፣ ሥዕሏ በሻይ ኩባያ ላይ ታተመች፣ በካናቴራ ላይ ታተመች፣ የማያውቋት ሰዎች በየቤታቸው ሰቀሏት።

ጥቂት ቆይተው ተፋቱ። ምክንያቱን ሲጠየቁ «አልተስማማንም» አሉ፤ ሦስት ሳጥን እንኳ አይሞላም። ደራሲው አሁን የትዳር አሠልጣኝ ነው። ጆሮው ላይ ማይክሮፎን ሰክቶ በየአዳራሹ «ሳቅ በትዳር» የሚል ትምህርት ይሰጣል። አንድ ጊዜ አግብቶ አንድ ጊዜ የፈታ ሰው ምኑን ያሠለጥናል ብትሉ፣ እሷም የምትለው ይህንኑ ነው።

ይህን ሁሉ ልጇ አታውቅም። ሚጣ ነው የሚሏት፤ ሚጣነቱ አልፎባት እናቷን በቁመት በልጣለች። አያቷ በድንገት እንደሞቱ ተነግሯታል። ወላጆቿ አንድ ቤት ሲኖሩ ምን ይመስሉ እንደነበር የምታውቀው ደግሞ ከ«ኩርፊያ በየሳምንቱ» ብቻ ነው። አንዷን ሳታስቀር አንብባቸዋለች፣ ትጠቅሳቸዋለች፤ «ይያዝ» ማለትንም ከአባቷ ተምራለች። የጥርስ ብሩሽዋን የምታስቀምጠው የካልሲዋ ሥዕል ባለባት ኩባያ ውስጥ ነው። እናትየዋ ጠዋት ተነሥታ ሥዕሉን ወደ ግድግዳው ታዞረዋለች፤ ልጅቷ ስትታጠብ መልሳ ወደ ሰው ታዞረዋለች። አንድም ቀን ለምን ተባብለው አያውቁም።

የሙከራው ኅትመት በመጣበት ሳምንት ሠዓሊዋ ወጥ ቤት ቆማ ዕቃ ስታጥብ፣ ሚጣ ገርበብ ካለው በር ማዶ በስልክ ስታወራ ሰማች። የልጅቷ ጓደኛ፣ ማለት የወንድ ጓደኛዋ፣ ለእሱ ብቻ የነገረችውን ነገር ለጓደኞቹ አውርቶ ኖሯል።

«አንተን አምኜህ እኮ ነው» ትላለች ሚጣ። «የኔን ምስጢር በየሰው ጆሮ ከምታከፋፍል ለምን ግድግዳ ላይ አትለጥፈውም? ቢያንስ የፊደል ስህተት ካለው አርመው ነበር።»

ወዲያ ማዶ ልጁ አንድ ነገር አለ። ሚጣ ሳቀች። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና «እሺ፣ ይያዝ» አለችው።

ሠዓሊዋ ሳህኑን አስቀመጠች። የሰማችው የራሷን ሳቅ ነው፤ ያንኑ፣ ከጉሮሮ ሳያልፍ የሚመለሰውን።

«እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪም?» አለች ሚጣ ገብታ። «እኔና እሱ ገጽ ከፍተናል። እንደናንተ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይሥላል። ሰው እንዴት እንደወደደው ብታዪ።»

«ምስጢርሽን ማውራቱስ?»

«የቱ?»

«አሁን የተጣላችሁበት። ምን ሆነ?»

«እሱማ አለቀ እኮ» አለች ልጅቷ፣ ጥያቄው ገርሟት። «ተያዘ።»

እናትየዋ ወደ ማጠቢያው ዞረች። ብቻዬን የታመምኩት በሽታ ነው ብላ ስታስብ፣ ለካ ልጇ ጤና መስሏት ከኩባያ ትጠጣው ኖሯል። በደራሲው አይደለም የተናደደችው፣ በእሱ መናደድን ከለመደችው ቆይታለች። ዓመቱን ሙሉ ኩባያ ስታዞር በኖረችው በራሷ ዝምታ ነው አንጀቷ የተቃጠለው።

አሳታሚው ሁለቱ አብረው ተቀምጠው የሚገባውንና የሚወጣውን እንዲመርጡ፣ አንድ የመጨረሻ ሥዕልም አዲስ እንዲሠሩለት ጠይቋል። መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ አንባቢ ያስቀይማል ነው የሚለው። እንቢ ልትል አስባ ነበር። ከወጥ ቤቱ በኋላ ግን እሺ አለች። ሚጣ «አብራችሁ ስትሠሩ ልያችሁ» ብላ ስትለምን ከርማ ነበርና ይዛት ሄደች።

ቅዳሜ ረፋድ ነው። የደራሲው ቢሮ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው ሙሉ ካሠለጠናቸው ባልና ሚስቶች ጋር የተነሣው ፎቶግራፍ ነው፣ በሁሉም ላይ መሐል የቆመው እሱ ነው። ሚጣን አቅፎ ሳማት። ለሠዓሊዋ ወንበር ሳበላት።

«እርሳሴ» አላት። ድሮም እንደዚህ ነበር የሚጠራት። «ምንም አልተለወጥሽ።»

«ሆድ አውጥተሃል» አለችው።

እውነቷን ነው፤ የሣለችለት ሆድ ከስንት ዓመት በኋላ ደርሶለታል። ሚጣ ሳቀች። እሱም ሳቀ፣ ጣቱን ሊያነሣ ቃጥቶት ተወው።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጓቸውና አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። ደራሲው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ያነባል፣ በየመሐሉ «አይ ጊዜ» ይላል። ሚጣ በሁለቱ መካከል ተቀምጣ፣ ገጹ ሳይገለጥ ቃሉን በቃሏ ትቀድማለች። ሠዓሊዋ የገዛ መሥመሮቿን ታያለች። እጇ ጎበዝ ነበር፣ ይህን አትክድም። ያቺ ሴትዮ ስትናደድ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ የሚወጣው፣ ስትሸነፍ እግሮቿ ወደ ውስጥ የሚዞሩት፣ ሁሉም ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ደግሞ የሚያቅለሸልሸው። ሴትየዋ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ሰውየው ከበሩ ውጪ ሆኖ «ስትጨርሺ ሻምፑውን አቀብዪኝ» ይላታል። ሠዓሊዋ ያን ቀን ለምን እንዳለቀሰች ለማስታወስ ሞከረች። ምንም አልመጣላትም። ሻምፑው ትዝ ይላታል፣ ልቅሶው ጠፍቷል። ስንቱን ነገር እንዲህ ለውጣ እንደሰጠች ስታስበው ሰውነቷን ወረራት።

«እኔንም አንዳንዱ ሳየው ያሳፍረኛል» አለ ደራሲው፣ ፊቷን አይቶ። «አየሽ ይቺን? ሐሙስን በሀሌታው ሀ ጽፈን ለቀነዋል። ይሄን ሁሉ ሰው እያነበበው።»

«ሌላስ የሚያሳፍርህ የለም?»

ቀረብ ብሎ በጥሞና አየ። «አለ እንጂ። እዚህ ጋ ደግሞ አራት ነጥብ የላትም።»

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ለመንደሩ ሁሉ ትዳር የሚያስተምረው።

የመጨረሻውን ሥዕል አስቦ ጨርሶታል። ሁለቱ አርጅተዋል፤ ሰውየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንዱ እግሩ ላይ ቀይ አንዱ ላይ ጥቁር ካልሲ አድርጓል። ሴትየዋ በር ላይ ቆማ እጇን ትዘረጋለታለች። «ሁለቱንም እግርህን ይዘህ ና» ትለዋለች። በቃ፣ ያልቃል።

«ውይ፣ ደስ ሲል» አለች ሚጣ። ዐይኗ ውሃ ሞላ። «አባዬ፣ እንዴት ያምራል።»

«ሽፋኑ ደግሞ የካልሲዋ ትሆናለች» አለ ደራሲው፣ ደስ ብሎት። «ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ካልሲ ለካልሲ ይገናኛል።»

ሠዓሊዋ የካልሲዋን ገጽ አንሥታ በፊቱ ደፋችው። «ይቺ አትገባም።»

«የቱ? እሷን ብሎ የሚገዛው ሰው እኮ ነው ያለው።»

«አትገባም አልኩህ። የመጨረሻውንም አልሥልም።»

«እማ፣ ለምን?» አለች ሚጣ። እውነትም ከፍቷት ነው። «የኔ ምርጧ እኮ እሷ ናት። ሳያችሁ... ምን ያህል ትዋደዱ እንደነበር በእሷ ነው የማውቀው።»

ደራሲው ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ መስኮቱ ተመለከተና «ሚጣዬ፣ እናትሽ ዛሬ ደክሟታል» አለ። የዚያን ጊዜ ነው ሠዓሊዋ እሱም ያን ማታ እንዳልረሳው የገባት። ዝም ብሎ ያለፈው አውቆ ነው። እስካሁን የተጸየፈችው ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

«አልደከመኝም» አለች። ገጹን መልሳ ገለበጠችው። «ሚጣ፣ እጇ ላይ የያዘችው ምንድን ነው?»

«ቦርሳ።»

«ሻንጣ ነበር። አባትሽ ሰው ያስጨንቃል ስላለ አጠፋሁት። ተመልከቺ፣ እዚህ ጋ የሻንጣው ማዕዘን በደንብ አልጠፋልኝም፣ ይታያል። ወደ ጨዋታ አይደለም የምንሄደው። አያትሽ ታማ፣ ድረሺ ተብዬ፣ የመጨረሻውን አውቶቡስ ልይዝ በር ላይ ቆሜ ነው። ጨንቆኝ ነው ያን ያልኩት። ከዚያ ሳቅን። አባትሽ ይያዝ አለ፣ እኔም ሻንጣዬን አስቀምጬ ቁጭ ብዬ ሣልኩ።»

ሚጣ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብላ ያልጠፋችውን ትንሽ መሥመር በጣቷ ነካቻት። ቀና ስትል እንባዋ እየወረደ ነበር። እናቷን አንገቷን አቀፈቻትና፣ በዓለም ላይ የምታውቀውን የመጨረሻውን የፍቅር ቃል፣ ቀስ ብላ፣ በሙሉ ልቧ ተናገረችው።

«እማ፣ መጨረሻው እኮ ይሄ ነው። ይያዝ።»

የደራሲው እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ብዕሩ እዚያ ነው የሚቀመጠው።

ሠዓሊዋ የልጇን ክንድ ከአንገቷ ላይ አወረደች። በቁጣ አይደለም፣ ግን አወረደች።

«አይያዝም» አለች። «ቁጭ በይ። ገና አልጨረስኩም።»

በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሚጣ ተቀመጠች። እናቷን አየች፣ አባቷን አየች፣ ደግሞ ወደ እናቷ ተመለሰች።

«እሺ» አለች። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሦስተኛውን ሳጥን ጨርሼ ወጣን። አውቶቡሱ ሄዷል።»

«ከዚያስ?»

«በማግስቱ ደረስኩ። አክስትሽ በር ላይ ቆማ ነበር። ሌሊቱን አያትሽ በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ‹መጣች?› ትላት ነበር አሉ። እስኪነጋ። ኋላ ላይ አክስትሽ አዝናላት ‹አዎ፣ መጣች› አለቻት።»

ደራሲው ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ይሄንን» አለ፣ «ይሄንን እኮ አልነገርሽኝም።»

«አንድ ቀን ከዚያስ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉትን ወረቀቶች ያለ ምክንያት መሰብሰብ ጀመረ። የሚጣ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ልጁ ነው፣ የማታውን ሥዕል ጨርሶ ልኮላት ይሆናል። አላየችውም። ወንበሯን ወደ እናቷ ሳበች።

«ከዚያስ፣ እማ?»